ከክርስትናው በፊት የጠባው ወተት

ባለፈው ሳምንት ትምህርቴን ጨርሼ ወረቀቴን ስሰበስብ፣ ከኋላ ረድፍ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ የእናት ጡት ወተት ውስጥ ያለው ብረት በጣም ጥቂት ነው ብለውናል። ታዲያ በሕፃኑ አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ብረታቸውን ከየት ያመጡታል?» አለችኝ።

ጥያቄው መጽሐፍ ላይ ያለ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በከፊል መጽሐፍ ላይ አለ። ያለውን ነገርኳት። ወተቱ ውስጥ ብረትን አጥብቆ የሚይዝ ፕሮቲን እንዳለ፣ በዚህ ምክንያት ክፉዎቹ ባክቴሪያዎች ብረት እያጡ ሲደክሙ ደጋጎቹ ግን በጥቂቱ መኖር እንደሚችሉ፣ ያችንም ጥቂት የሚለቅሙበት የየራሳቸው ዘዴ እንዳላቸው፣ ገና ያልታወቀም ብዙ ነገር እንዳለ። ልጅቷ ጽፋ ጨረሰች፣ አመሰገነችኝና ወጣች። እኔ ግን ባዶው ክፍል ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ይህን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ቢቸና ውስጥ፣ ገና ወጣት ሳለሁ ነው። በሰማሁት ቁጥርም አንዲት አራስ ሴት በዐይኔ ትመጣብኛለች።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቄ የተመደብኩት እዚያው በተወለድኩበት ከተማ ነው። በዚያው ሰሞን ዶክተር አስቴር የሚባሉ ተመራማሪ ከአዲስ አበባ መጡና ከጤና ጣቢያው ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ማይክሮስኮፕና ማቀዝቀዣ አስገቡ። እኔን ረዳት አድርገው ወሰዱኝ። ሥራችን በቢቸናና በሞጣ የሚወለዱ ሕፃናትን ሰገራ እየሰበሰቡ መመርመር ነበር። እኛ «ናሙና» እንለዋለን፤ ቢቸና ግን ለእንዲህ ያለ ቃል ግድ አልነበራትም። ገበያ ላይ ሴቶቹ ሲያዩኝ «ካካ ለቃሚዋ መጣች» እያሉ ይሳሳቁብኝ ነበር። እናቴ ለፍታ ያስተማረቻት ልጇ በዚህ ስም መጠራቷ ከንክኗት፣ ሰው ሲጠይቃት «የመድኃኒት ሥራ ላይ ናት» ብላ ወሬ ታስቀይሳለች።

ዶክተር አስቴር ነገሩን ሲያስረዱኝ መጀመሪያ አላመንኳቸውም። የኛ አገር እህል በብረት ድሃ አይደለም አሉኝ። ጤፉ አውድማ ላይ በበሬ ኮቴ ሲወቃ ከአፈሩ ብዙ ብረት ይዞ ይገባል፤ ግን አብዛኛው ደም ሳይሆን አንጀት ውስጥ ይቀራል፤ እዚያ የተረፈ ብረት ደግሞ ለክፉዎቹ ባክቴሪያዎች ሲሳይ ነው። ጡት ብቻ በሚጠባ ሕፃን ሆድ ውስጥ ግን ብረት እንዲህ ተርፎ አይገኝም፤ ደጋጎቹ ባክቴሪያዎች የሚበረቱትም እዚያ ነው። እንዴት ነው የሚያገኙት? ከየት ነው የሚያነሡት? እሳቸውን እንቅልፍ የሚነሳቸው ይህ ነበር። እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ እንቅልፍ የሚነሳኝ ደመወዜ ብቻ ነበር።

ከቢቸና ሞጣ መንገዱ ያኔ ጠጠር ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጠጠሩም ይጠፋና ጭቃ ብቻ ይሆናል። ደብረ ወርቅ ላይ ቆመን ትኩስ ድንች በበርበሬና በጨው እንበላለን፤ ዶክተሯ ጣታቸው እየተቃጠለ፣ ልጣጩን በመስኮት እየወረወሩ፣ ስለ ባክቴሪያ ያወራሉ። ግራና ቀኙ እርሻ ገና ጥቁር ነው፤ ጤፍ የሚዘራበት ወቅት ስለሆነ ገበሬው ማሳው ላይ ነው። ከመኪናችን ጀርባ በበረዶ የተሞላች ሣጥን ትንገጫገጫለች። ያን ጉዞ እወደው ነበር። እስከዚያ ክረምት ድረስ ማለቴ ነው።

ሞጣ ውስጥ ከምንከታተላቸው ሕፃናት ሁለቱ ጎረቤታሞች ነበሩ። አንደኛዋ የዘይነባ ልጅ ሰሚራ ናት። ዘይነባ የጨርቅ ነጋዴ ሚስት፣ ድምፀ ጎርናና፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። ከግድግዳው ወዲህ ደግሞ እማማ ጥሩወርቅ የሚባሉ ባልቴት ይኖራሉ። አንዲት ልጃቸው የሻረግ መርጡለ ማርያም አግብታ፣ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ እንደ ወጉ ወደ እናቷ ቤት መጥታ ነበር። ወንድ ልጅ ወለደች። ሁለቱ ቤቶች ለዘመናት ጨውም እርሾም ወሬም ይካፈላሉ፤ የማይካፈሉት ሥጋ ብቻ ነው። ፋሲካ ሲመጣ እነዚህ፣ አረፋ ሲመጣ እነዚያ የየራሳቸውን ያርዳሉ፤ ማንም በዚህ ቅር ብሎት አያውቅም።

የሻረግን ያወቅኳት ከወለደች በኋላ ነው። ስትወልድ ብዙ ደም ፈስሷት ነበር። መጀመሪያ የሄድን ዕለት ተኝታ አገኘናት፤ በሁለተኛውም ተኝታ አገኘናት። በሦስተኛው ሄደን ስናያት ከንፈሯ ከፊቷ የማይለይ ሆኖ ነበር፤ ወተቷም ነጥፏል። ዶክተር አስቴር የዐይኗን ቆብ ገለጥ አድርገው አዩና የያዙትን የናሙና ብልቃጥ ወደ ኪሳቸው መለሱት። «ደም ያስፈልጋታል። ዛሬውኑ ባሕር ዳር» አሉ።

ባልየው ከመርጡለ ማርያም ሊጠይቃት መጥቶ እዚያው ነበረ። ተሸክሞ መኪናችን ላይ አወጣት። ሕፃኑስ ሲባል እማማ ጥሩወርቅ አይሆንም አሉ። «ክርስትና ሳይነሣ ወንዝ አይሻገርብኝም። እኔ ዘንድ ይቆያል» አሉ። ሐኪም ቤት ለአራስ ልጅ ደኅና ቦታ አለመሆኑን ዶክተሯም ስለሚያውቁ አልተከራከሯቸውም፤ ከባሕር ዳር የቆርቆሮ ወተት ገዝተው እንደሚመለሱ ተናግረው እኔን እዚያው ተዉኝ። የሻረግ በመስኮቱ በኩል ወደ እናቷ ክንድ እያየች «ቶሎ እመለሳለሁ በሉት» አለች። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ስትናገር አልሰማኋትም።

እነሱ ባለፉ ማግሥት ዝናቡ የወንዙን መሻገሪያ ወሰደው። ስልክም ተበላሸ። የቆርቆሮ ወተት ሞጣ ሱቅ ውስጥ አልነበረም። የላም ወተት እያፈላን፣ በውኃ እያቀጠንን፣ በማንኪያ ሰጠነው። በሠፈሩ የምታጠባ ክርስቲያን ሴትም አፈላልገን ነበር፤ አንዷ ራሷ ታማለች፣ ሌላዋ ልጇ አድጎ ወተቷ ደርቋል። ብዙም ሳይቆይ ሕፃኑን ተቅማጥ ያዘው። ጤና ጣቢያው በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት ሰጠን፤ ያንንም ያስመልሰዋል። ለቅሶው እየቀጠነ ሄዶ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ ካልሆነ የማይሰማኝ ጊዜ መጣ። እዚያ ቤት ውስጥ ስለ ሕፃን አንጀት ከኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ያ ዕውቀት ግን አንዲት ጠብታ ወተት አልወጣውም።

ዘይነባ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ሰሚራ ጀርባዋ ላይ ናት።

«እማማ ጥሩወርቅ፣ ይስጡኝና ላጥባው» አለች። «ወተቴ ለሁለት ይበቃል። ባለቤቴንም ጠይቄዋለሁ። ከሰሚራ ጋር የጡት ወንድምና እህት ይሆናሉ፤ በኛ ሃይማኖት አይጋቡም፤ ሌላ ችግር የለበትም ብሎኛል።»

«ለጋብቻ ማን ጠየቃችሁ?» አሉ እማማ ጥሩወርቅ። ቁጣ ሳይሆን ድካም ነበረበት ድምፃቸው። «ዘይነባ፣ አንቺ ክፉ አይደለሽም። እግዜር ይስጥልኝ። ግን የእስላም ጡት ጠብቶ እንዴት አድርጌ ቤተ ክርስቲያን አገባዋለሁ? የነፍሱን ነገር ማን ይጠየቅልኛል?»

ዘይነባ አልተቀየመችም። ወይም ተቀይማ አላሳየችም። ወደ ቤቷ ተመለሰች።

እኔ ነገሩን በሳይንስ ላስተካክለው ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በሕፃኑ ሆድ ውስጥ በዐይን የማይታዩ ደጋግ ፍጥረታት እንዳሉ፣ የሰው ወተት ሲያጡ እንደሚደክሙ፣ ክፉዎቹ ግን እንደሚበረቱ፣ ብረት ምን እንደሚያደርግ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ጥሩ አድርጌ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። እማማ ጥሩወርቅ እስክጨርስ ታግሠው ሰሙኝና፣ «አሁን በዚህ ቁራሽ ሥጋ ሆድ ውስጥ ብረት የሚበላ ትል አለ ነው የምትይኝ?» አሉኝ። ልጁን ወደ ደረታቸው ጠጋ አደረጉት፤ ከኔም ትንሽ ፈቀቅ አሉ።

ከሰዓት በኋላ ራሳቸው ጠሩኝ። «የቢቸናዋ ልጅ፣ አባ ምሕረቱን ጥሪልኝ። ክርስትና ያንሡልኝ። ባዶውን እንዳይሄድብኝ» አሉኝ። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚጠመቀው ሞት ሲያሰጋ ብቻ ነው። ልጁን ለማዳን ሳይሆን ለመሸኘት እየተዘጋጁ መሆናቸው ገባኝ። በዝናቡ ውስጥ እየሮጥኩ ወጣሁ፤ አለቅስም ነበር።

አባ ምሕረቱ የእማማ ጥሩወርቅ የነፍስ አባት ናቸው። ጓሯቸው ውስጥ ጎርፍ እንዳይገባ ቦይ ሲቆፍሩ አገኘኋቸው። እጃቸውን ታጥበው መስቀላቸውንና ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ። መንገድ ላይ ጭቃውን እያዩ፣ «የሚያጠባው ሰው ጠፍቶ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ስለ ዘይነባ ነገርኳቸው። እርምጃቸውን አፈጠኑ።

ቤት ገብተው ሕፃኑን ተቀበሉ። ጨርቁን ገልጠው ሆዱን አዩት፤ ቆዳው ተጨማዶ ነበር። ውኃ በማሰሮ ተዘጋጅቶ ቀርቧል። እሳቸው ግን ልጁን እንደ ታቀፉ መደቡ ላይ ተቀመጡና እማማ ጥሩወርቅን በክርስትና ስማቸው ጠሯቸው።

«ወለተ ሥላሴ፣ አሁን ባጠምቀው ክርስቲያን ይሆናል። ክርስቲያን ከሆነ በኋላ ደግሞ የዘይነባን ጡት አትሰጭውም።»

«አልሰጠውም፣ አባቴ።»

«ዛሬ ግን ገና አልተጠመቀም። በየትኛው ሃይማኖቱ ነው የከለከልሽው?»

እማማ ጥሩወርቅ የውኃውን ማሰሮ ወደ እሳቸው ገፋ አደረጉት።

«እኔ አላጠምቀውም» አሉ አባ ምሕረቱ። «ይጥባ። በአርባ ቀኑ ቤተ ክርስቲያን ታመጪዋለሽ፣ ያኔ አጠምቀዋለሁ።»

«ዛሬ ቢሞትስ? ሳይጠመቅ ቢሞትብኝስ?»

«በኔ አንገት ይሁን።»

የተናገሩት ነገር ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ያን ጊዜ በሙሉ አልተረዳሁትም። በሚያምኑት አምላክ ፊት የአንድ ሕፃን ነፍስ ዕዳ ተሸከሙ። ወደ እኔ ዞሩና «ዘይነባን ጥሪያት፣ እዚሁ ትምጣ፤ አያቱ እያዩት ይጥባ» አሉ።

ዘይነባ መጣች። ልጁ ጡቱን ለመያዝ አቅም አልነበረውም። ወተቷን በጣቷ እያለበች ከንፈሩ ላይ ጠብ ጠብ አደረገችለት፤ ብዙው በአገጩ ፈሰሰ። ሰሚራ ጉልበቷ ላይ ሆና የራሷን ድርሻ እየጠየቀች ታለቅሳለች። ዘይነባ «ቆይ እንጂ፣ ወንድምሽ ይቅደም» እያለች ታባብላታለች። ከስንት ሙከራ በኋላ የሕፃኑ ጉንጭ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ጉሮሮው ሲውጥ ሰማን። እማማ ጥሩወርቅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። አባ ምሕረቱ ግን እስኪጨርስ ድረስ ቁጭ ብለው ጠበቁ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጠባ። ተቅማጡ ቀስ በቀስ ቆመ፤ ለቅሶውም ተመለሰ። ያን ለቅሶ ስሰማ የተሰማኝን ደስታ የሚያህል ከዚያ ወዲህ ብዙም አላገኘሁም።

ወንዙ ሲጎድል መኪናው መጣ። ዶክተር አስቴር ከፊት ወረዱ፤ ባልየው ከኋላ አልወረደም፤ ከአስከሬኑ ጋር ተቀምጦ ነበር። ደም ተሰጥቷት ነበር፤ ግን ዘግይቷል። እማማ ጥሩወርቅ ጮኹ። ሠፈሩ ሁሉ ወጣ። ዘይነባ ሁለቱንም ሕፃናት ታቅፋ ደጇ ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር። የሻረግን በዚያው ዕለት ቀበርናት።

ልጁ በደንባችን መሠረት ከጥናቱ ወጣ፤ የላም ወተት ቀምሷል፣ የሌላ ሴት ጡት ጠብቷል። ዶክተር አስቴር ግን ወደ ቢቸና ከመመለሳችን በፊት የሁለቱንም ሕፃናት ናሙና ውሰጂ አሉኝ። ቀድሞ በላም ወተት ጊዜ የወሰድኩት ነበረኝ። ቢቸና ወስደን ባክቴሪያዎቹን በሳህን ላይ፣ አየር በማይገባበት ዕቃ ውስጥ አሳደግናቸው። በታመመበት ጊዜ የተወሰደው ላይ ደጋጎቹ ጠፍተው ነበር፤ በአዲሱ ላይ ግን በሰሚራ ሳህን ላይ እንዳሉት ያሉ ነጫጭ ጠብታዎች በቅለዋል። «ሁለት ሕፃን ማስረጃ አይሆንም» አሉኝ። ሳህኖቹን ግን ለብዙ ጊዜ አልጣሏቸውም።

ከቢቸና ወደ ሞጣ ስመለስ የቀረው አርባኛው ቀን ነበር። የአባ ምሕረቱ ፍርድ እስከ ጥምቀቱ ድረስ ነው የሚያገለግለው። ልጁ አንዴ ክርስቲያን ከሆነ በኋላስ? የአባቱ ዘመዶች ከመርጡለ ማርያም መጥተው፣ ከክርስትናው በኋላ ይዘውት ሊሄዱ፣ በፍየል ወተት ሊያሳድጉት ተነጋግረዋል። ገና አንጀቱ አልጠናም፤ የዚያ መንገድ መጨረሻ ምን እንደሆነ አይቼዋለሁ። እማማ ጥሩወርቅን ስጠይቃቸው አይመልሱልኝም። ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ ለማንም ብዙ አይመልሱም ነበር።

ቀኑ ፍልሰታ ውስጥ ዋለ። ሕፃኑ ጠዋት ተጠመቀ፤ መጠሪያ ስሙም ማስረሻ ተባለ። በጾም ቅዳሴ የሚገባው ቀትር ላይ ስለሆነ እስኪቆርብ ድረስ ሳይጠባ መቆየት ነበረበት። ለቅሶው ከቅጥሩ ውጭ ይሰማል። ዘይነባ ሰሚራን አዝላ ከበሩ ራቅ ብሎ ካለ ዛፍ ሥር ቆማለች። ማንም ነይ አላላትም፤ ማንም ሂጂ አላላትም። ካፊያው ነጠላዋን አርሶታል፤ የቀሚሷን ደረት ያራሰው ግን ዝናብ አልነበረም።

ቅዳሴ ወጣ። እማማ ጥሩወርቅ ሕፃኑን ታቅፈው፣ የአባቱ ዘመዶች ግራና ቀኝ ሆነው ከበሩ ብቅ አሉ። አንዲት ሴት የፍየል ወተት የያዘ ጡጦ ከጉያዋ አውጥታ እጇን ለሕፃኑ ዘረጋች። እማማ ጥሩወርቅ ቆሙ። ጡጦውን አዩት። ከዚያ ሴትየዋን አልፈው፣ በጭቃው ውስጥ፣ ቀጥ ብለው ወደ ዛፉ ሄዱ።

«ተቀበይኝ» አሏት ዘይነባን።

ከዘመዶቹ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ምነው እማማ፣ አሁን እኮ ቆርቧል!» አለ።

እማማ ጥሩወርቅ ወደ እሱ ዞሩ። «ልጄን ቀብሬያለሁ» አሉ። «ይህን አልቀብርም።»

አባ ምሕረቱ ከኋላ እየወጡ ነበር። ሁሉም ወደ እሳቸው አየ። እሳቸው ጃንጥላቸውን ዘርግተው መጡና ከምታጠባው ሴት ራስ በላይ ይዘው ቆሙ። ሴትየዋም ጡጦዋን ወደ ጉያዋ መለሰችው።

እማማ ጥሩወርቅም አባ ምሕረቱም ዛሬ በሕይወት የሉም። ዘይነባ አርጅታለች፤ ድምፅዋ ግን አልተለወጠም። ማስረሻ እዚያው ሞጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኗል፤ ሰሚራ ስትዳር ከወንድሞቿ ጋር ቆሞ እንግዳ ተቀብሏል። እኔም ያን ክረምት ካየሁ በኋላ በደመወዜ ብቻ የምጨነቅ ሰው አልሆንኩም፤ ተምሬ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ስለዚያው ነገር አስተምራለሁ። ስለ ደጋጎቹ ባክቴሪያዎች ዛሬ የምናውቀው ከዚያን ጊዜው ብዙ ይበልጣል። ከደሟ ጋር ብረቷን አጥታ ከፊታችን የጠፋችው ግን እናቲቱ ነበረች። ማንንም ለመውቀስ አይደለም የምናገረው፤ አዝናለሁ፣ አሁንም አዝናለሁ፣ በቃ።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ሞጣ ሄጄ ማስረሻን አገኘሁት። ታሪኩን ከአያቱም ከዘይነባም ሲሰማ ስላደገ የሚጠይቀኝ ብዙ አልነበረውም። እናቱ ፎቶግራፍ ግን የላትም። ስንለያይ እጄን ይዞ፣ «እርስዎ አይተዋታል አይደል? እናቴ ምን ትመስል ነበር?» አለኝ። እኔ ያየሁት ደም ያለቀበት ፊት ነው፤ ቆማም ስቃም አላየኋትም።

«ቆንጆ ነበረች» አልኩት። ከእሷ የወረሰው ይሆናል ብዬ ግንባሩን እያየሁ ነበር የተናገርኩት፤ እውነት ይመስለኛል።